«መጽሐፍ ቅዱስ አይሳሳትም» ሲባል የማይሳሳተው ምኑ ነው?

የይሁዳው ንጉሥ ኢዮራም በ32 ዓመቱ ነገሠ፤ 8 ዓመት ገዝቶ ሞተ። ሲሞት 40 ዓመቱ ነበር ማለት ነው። በእግሩ የተተካው አካዝያስ የመጨረሻ ልጁ ነው። 2ኛ ነገሥት 8፥26 አካዝያስ ሲነግሥ 22 ዓመቱ እንደነበር ይናገራል። የ2ኛ ዜና መዋዕል 22፥2 የዕብራይስጥ ንባብ ግን 42 ይላል። በዚህ ሒሳብ ልጁ አባቱን በሁለት ዓመት ይበልጠዋል።

እንዲህ ያለ ጥቅስ በክርክር መካከል ሲወረወር ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «ይኸው፣ መጽሐፉ ይሳሳታል» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው «የእግዚአብሔርን ቃል አትመርምር» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም ቸኩለዋል። ክርስቲያኖች መጽሐፍ ቅዱስ አይሳሳትም ሲሉ ምኑን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቁምና። የማይሳሳተው ከመደርደሪያው ላይ ያለው የታተመ ቅጂ ነው? የአማርኛው ትርጉም ነው? ነቢዩ ወይም ሐዋርያው በመጀመሪያ የጻፈው ነው? ወይስ ሰባኪው ከጥቅሱ ያወጣው ትምህርት?

ትምህርቱ ራሱ ምን ይላል

«ስሕተት አልባ» የሚል ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። ትምህርቱ ድምዳሜ ነው። እግዚአብሔር አይዋሽም (ቲቶ 1፥2)፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ደግሞ ሰዎች በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው የተናገሯቸው ናቸው (2ኛ ጴጥሮስ 1፥21)፤ እንግዲያው መጽሐፉ የሚያረጋግጠው ነገር ሐሰት ሊሆን አይችልም። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «የሚያረጋግጠው» የምትለዋን ቃል ይያዙ፤ ኋላ ብዙ ሥራ ትሠራለች።

ትምህርቱን በዝርዝር ያስቀመጠው በጣም የታወቀው ሰነድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1978 በአሜሪካ ቺካጎ የወጣው መግለጫ ነው። ከ200 በላይ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ምሁራን ተሰብስበው 19 አንቀጾች አጸደቁ። እያንዳንዱ አንቀጽ የሚቀበሉትንና የማይቀበሉትን ለይቶ ይናገራል። ስለ መግለጫው ከሚከራከሩት ብዙዎቹ 10ኛውንና 13ኛውን አንቀጽ አላነበቡም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

10ኛው አንቀጽ የመንፈስ ቅዱስ ምሪት በጥብቅ ትርጉሙ የሚመለከተው የመጀመሪያውን የእጅ ጽሑፍ ነው ይላል። ቅጂዎችና ትርጉሞች የእግዚአብሔር ቃል የሚሆኑት ያንን የመጀመሪያውን በታማኝነት እስካስተላለፉ ድረስ ነው። 13ኛው አንቀጽ ደግሞ ስሕተት ተብለው ሊቆጠሩ የማይገባቸውን ይዘረዝራል፦ የዘመናዊ ሳይንስ ዓይነት ቅንጣት ልኬት አለመኖር፣ የሰዋስውና የፊደል አጻጻፍ ግድፈት፣ ተፈጥሮን ዓይን እንዳየው መግለጽ፣ የሰውን ሐሰት ሐሰት እንደሆነ ዘግቦ ማስቀመጥ፣ ግነት፣ የተጠጋጋ ቁጥር፣ ታሪክን በጊዜ ቅደም ተከተል ሳይሆን በርእስ መደርደር፣ ቃል በቃል ያልሆነ ጥቅስ።

ተቺዎች እዚህ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ ከባድ ነው፦ የማይሳሳተው ማንም በእጁ ያልያዘው ጽሑፍ ከሆነ ምን ጠቀመን? መልሱ የሚገኘው ቅጂዎቹን በመቁጠር ነው። የአዲስ ኪዳን የግሪክ የእጅ ጽሑፎች ብቻ ከ5,000 በላይ ናቸው። በመካከላቸው ካለው ልዩነት አብዛኛው የፊደል አጻጻፍና የቃላት ቅደም ተከተል ነው። ትርጉም የሚለውጡት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የማርቆስ 16፥9-20 እና የዮሐንስ 7፥53-8፥11 ከትልልቆቹ ናቸው፤ አዳዲስ ትርጉሞች በቅንፍ ወይም በግርጌ ማስታወሻ ያመለክቷቸዋል። ዋናው ጽሑፍ ጠፍቷል፣ ዱካው ግን ብዙ ቦታ ተረግጧል።

ሦስቱ ተጠርጣሪዎች

በ405 እ.ኤ.አ. ገደማ የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ለተረጎመው ለጄሮም በጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ የሚሠራ መመሪያ አስቀምጧል። በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ከእውነት ጋር የሚጋጭ የሚመስል ነገር ሲያጋጥመው ከሦስት አንዱን እንደሚጠረጥር ይናገራል፦ ወይ ቅጂው ተበላሽቷል፣ ወይ ተርጓሚው ሐሳቡን አላገኘውም፣ ወይ እኔ አልገባኝም። እርሱ ይህን ያለው እያንዳንዱ ገጽ በእጅ በሚገለበጥበት ዘመን ነው። ቅደም ተከተሉን ይዞ መሄድ ዛሬም ያዋጣል።

ቅጂው። የአካዝያስ ጉዳይ እዚህ ይወድቃል። ያው የዜና መዋዕል ጸሐፊ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ (21፥20) አባቱ በ32 ዓመቱ ነግሦ 8 ዓመት እንደገዛ ጽፏል፤ ልጁን ከአባቱ ሊያስበልጥ አልፈለገም። ከግሪክ ቅጂዎች አንዳንዶቹና የሶርያው ትርጉም 22 ይላሉ፤ 20 የሚሉም የግሪክ ቅጂዎች አሉ። ቁጥር ከቃል ይልቅ ለገልባጭ ስሕተት የተጋለጠ ነው። የተሳሳተ ቃል ዓረፍተ ነገሩን ስለሚያፈርሰው ቀጣዩ ገልባጭ ይነቃል፤ የተሳሳተ ቁጥር ግን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተመችቶት ይቀመጣል። እርስዎም የሚጠቀሙበትን መጽሐፍ ገልጠው ይመልከቱ፦ 42 ካለ ዕብራይስጡን ተከትሏል፣ 22 ካለ አርሟል። ያረመ ከሆነ የግርጌ ማስታወሻ ሊኖረው ይገባል።

የጎልያድ ቁመት ይበልጥ ያስገርማል። ሁላችንም በሰንበት ትምህርት የተማርነው ስድስት ክንድ ከስንዝር ነው (1ኛ ሳሙኤል 17፥4)፤ ክንዱን 45 ሳንቲ ሜትር ብንይዝ 2 ሜትር ከ90 ገደማ ይሆናል። ከሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን ዋሻ የተገኘው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተገለበጠው የሳሙኤል መጽሐፍ ብጥስጣሽ ግን አራት ክንድ ከስንዝር ይላል፤ የሰብዓ ሊቃናት (የብሉይ ኪዳን ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም) ዋና ዋና ቅጂዎችም እንዲሁ። 2 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ይህ ራሱ ግዙፍ ነው፤ ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ ከትከሻው ወደ ላይ እንደሚረዝም መነገሩንም አይርሱ (9፥2)። ከዚያ ግኝት በፊት የነበሩት ሙሉ የዕብራይስጥ ቅጂዎች ከ10ኛውና ከ11ኛው መቶ ዘመን የማይዘልሉ ስለነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የጀመረው የቁምራን ግኝት ጽሑፉን በአንድ ዝላይ አንድ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው።

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ እኛ ቤት ይገባል። ዘፍጥረት 5፥3ን ያንብቡ፦ አዳም ሴት የተባለውን ልጁን ሲወልድ ስንት ዓመቱ ነበር? 130 ካለ የዕብራይስጡ ቁጥር ነው፤ 230 ካለ የሰብዓ ሊቃናቱ። አዳም በጠቅላላው የኖረው ግን በሁለቱም 930 ነው፤ አንዱ ከልጁ ልደት በኋላ 800፣ ሌላው 700 ስለሚል ድምሩ አይናጋም። ያው የ100 ዓመት ልዩነት በሴት፣ በሄኖስ፣ በቃይናንም ይደጋገማል። ይህ እንግዲህ የደከመ ገልባጭ ያንሸራተተው አይደለም፤ ከሁለቱ ወገን አንዱ አስቦበት ያስተካከለው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በየመስከረም 1 የምታውጀው፣ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት ያለው 5500 ዘመን የረዘመውን የግሪኩን ቁጥር ተከትሎ የመጣ ሲሆን፣ በዕብራይስጡ የሚቆጥሩት ምዕራባውያን ግን 4000 ገደማ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ «የዓለም ዕድሜ በመጽሐፍ ቅዱስ መሠረት» ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው ንባብ?» መሆን አለበት።

ትርጉሙ። 2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16 ለትምህርቱ ዋና ምሰሶ ነው። የ1954 ዓ.ም. አማርኛ «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ... ይጠቅማል» ብሎ ተርጉሞታል። ሌሎች ትርጉሞች «መጽሐፍ ሁሉ የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት ነው፤ ይጠቅማልም» የሚለውን መንገድ ይመርጣሉ። የመጀመሪያው መንፈስ ያለበትና የሌለበት መጽሐፍ ያለ ያስመስላል፤ ሁለተኛው ስለ ሁሉም ይመሰክራል። ተርጓሚዎቹ ተንኮል አልሠሩም። በግሪኩ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ነው» የሚል ግስ የለም፤ አንባቢው ራሱ የት እንደሚያስገባው መወሰን አለበት። በአንድ ትርጉም ላይ ብቻ ተመሥርቶ ትልቅ ክርክር የሚያነሣ ሰው እንዲህ ያለ ጉድጓድ እግሩ ሥር እንዳለ አያውቅም።

መዝሙር 68፥31 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ በቃሉ የሚያውቀው ነው። ዕብራይስጡ «ኩሽ» ይላል፤ ከአስዋን በስተ ደቡብ ያለውን የአባይ አገር ማለቱ ነው። የግሪክ ተርጓሚዎች ያንን ምድር በራሳቸው ስም «ኢትዮጵያ» አሉት፤ ግዕዙም ከእነርሱ ወረሰ። ግሱም ተጉዟል፦ ዕብራይስጡ እጆቿን «ታስሮጣለች» እንደማለት ነው፣ ግዕዙ «ታበጽሕ»፣ አማርኛው «ትዘረጋለች»። ጥቅሱ ሐሰት አልሆነም፤ የጥቁሮቹ ሕዝቦች ለእግዚአብሔር እጅ መስጠት ዋናው መልእክት ነውና። ነገር ግን ዛሬ ካለው ድንበር ጋር አጣብቆ የፖለቲካ ማስረጃ ማድረግ ጥቅሱ ካለው በላይ ማስባል ነው። በነገራችን ላይ ይህ ጥቅስ በግዕዙ መዝሙር 67 ላይ ይገኛል። ግሪኩና ግዕዙ መዝሙር 9ንና 10ን አንድ አድርገው ስለሚቆጥሩ ነው፤ በዚህ ምክንያት «እንዲህ የሚል ጥቅስ የለም» እየተባባሉ የሚጣሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

አንባቢው። ከሦስቱ ተጠርጣሪዎች ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚሆነው ይህ ነው፤ ራሱ ዳኛ ስለሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይከሰስም።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ተናጋሪው ማን እንደሆነ ነው። «ጅማሬህ ታናሽ ቢሆን ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል» የሚለው ቃል በየሱቁና በየሠርግ ካርዱ ላይ ይታያል። ኢዮብ 8፥7 ነው፤ ተናጋሪው በልዳዶስ ነው። ልጆቹን በቀበረ ሰው ፊት ቆሞ፣ ልጆችህ የሞቱት በኃጢአታቸው ነው ካለ በኋላ የተናገረው ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ (42፥7) እግዚአብሔር የኢዮብን ወዳጆች ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ይቆጣቸዋል። መጽሐፉ በልዳዶስ ይህን ማለቱን ያረጋግጣል፤ በልዳዶስ ትክክል መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ያቺ «የሚያረጋግጠው» የምትል ቃል እዚህ ላይ ናት ሥራዋን የምትሠራው።

ቀጥሎ የንግግሩ ዓይነት ይለያል። ትእዛዝ፣ ተስፋ፣ ምሳሌ፣ ቅኔ፣ ሰላምታ እኩል አይመዘኑም። የብልጽግና ወንጌል ሰባኪዎች የሚወዱት 3ኛ ዮሐንስ ቁጥር 2 («በነገር ሁሉ እንዲከናወንልህና ጤና እንዲኖርህ») ለጋይዮስ በተጻፈ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ያለ የመልካም ምኞት ጸሎት ነው። በዘመኑ የግሪክ ደብዳቤዎች እንዲህ ይጀምሩ ነበር፤ እኛም «ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» እያልን እንደጀመርነው ማለት ነው። ምኞትን ለሁሉ የተሰጠ ቃል ኪዳን አድርጎ የሰበከ ሰው በሽታ ሲመጣ መጽሐፉን ያስወቅሳል፤ መጽሐፉ ግን ያንን ቃል አልገባም።

ከዚያ የልኬቱ መጠን አለ። ሰሎሞን ያሠራው የናስ ኩሬ ስፋቱ 10 ክንድ፣ ዙሪያው 30 ክንድ ነበር (1ኛ ነገሥት 7፥23)። የክብ ዙሪያ ከስፋቱ 3.14 እጥፍ ስለሆነ 31.4 መሆን ነበረበት የሚሉ አሉ። አንዳንድ ተከላካዮች ደግሞ ውፍረቱ አንድ ጋት መሆኑን (ቁጥር 26) ይዘው ውስጡን ሲለኩ 30.4 ያህል ያገኛሉ። ሒሳቡ ያምራል፣ አያስፈልግም እንጂ። በክንድ የሚለካ ሰው ሠላሳ ሲል ሠላሳ ገደማ ማለቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው ያለውን ሰው ሜትር ይዞ የሚከሰው የለም። መጽሐፈ መክብብ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች ማለቱም (1፥5) እንዲሁ ነው።

አንድ ታሪክ በሁለት ወንጌል ሲነገርም የአነጋገር ልማድ ይታያል። በማቴዎስ 8 የመቶ አለቃው ራሱ ወደ ኢየሱስ ቀርቦ ይለምናል፤ በሉቃስ 7 ግን ሽማግሌዎችንና ወዳጆቹን ነው የላከው። «ፋሲል የሠራው ግንብ» ስንል ንጉሡ ድንጋይ ተሸክመዋል ማለታችን አይደለም። ማቴዎስ አሳጥሮ ለላኪው ሰጠው፤ ሉቃስ የተላኩትን ዘረዘረ።

ለማስማማት ሲባል የሚሠራ ጥፋት

ማስማማት መልካም ነው፤ ልክ አለው። በማርቆስ 14፥30 ጴጥሮስ የሚክደው ዶሮ ሁለት ጊዜ ሳይጮኽ ነው፤ ሌሎቹ ወንጌላት «ሁለት ጊዜ» የሚለውን አልጻፉም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ ሁሉንም ዝርዝር አንድ ላይ ለማስገባት ብሎ ጴጥሮስ ስድስት ጊዜ ካደ እስከማለት ደረሰ። አራቱም ወንጌላት ግን ሦስት ጊዜ ይላሉ። ስሕተት አልባነትን ሊያስከብር ተነሥቶ አራቱንም ያልጻፉትን አስጻፋቸው። አንድ መፍትሔ ከችግሩ የበለጠ እንግዳ ከሆነ ችግሩን እንዳለ ማቆየት ይሻላል።

የኛ አንድምታ በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አለ። መምህሩ ንባቡን በግዕዝ ይላል፤ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላ መንገድ ያሳያል፣ በሐተታና በታሪክ ያፍታታል። አንዱን ፍቺ ለማንገሥ ሌላውን መግደል አይገደድም። «ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን ያሻው ሰው ያሻውን ይተርጉም ማለት አይደለም፤ የብሉይ፣ የሐዲስ፣ የሊቃውንትና የመነኮሳት ጉባኤ ቤት ተማሪ ዓመታት የሚፈጀው ከአባቶች የተቀበለውን ወሰን ለማወቅ ነው። የቺካጎው መግለጫ በ18ኛው አንቀጹ የሚጠይቀው የሰዋስውና የታሪክ ምርመራ ወሰኑን ከጽሑፉ ውስጥ ይፈልጋል፤ አንድምታው ከጽሑፉም ከጉባኤውም።

የትኞቹ መጻሕፍት የሚለውም አብሮ መነሣት አለበት። ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ 81 ትቆጥራለች፤ ፕሮቴስታንቶች 66። ይሁዳ በቁጥር 14 የሄኖክን ትንቢት ይጠቅሳል። ለኦርቶዶክሱ ሄኖክ ከ81ዱ አንዱ ነውና ጥያቄ አይፈጥርም። ፕሮቴስታንቱ ደግሞ ጳውሎስ በቲቶ 1፥12 የቀርጤሱን ባለቅኔ እንደጠቀሰ ሁሉ፣ መጥቀስ መጽሐፉን በሙሉ ማጽደቅ አይደለም ይላል።

ያልተፈታው

ሦስቱም ተጠርጣሪዎች ተመርምረው የሚተርፍ ነገር አለ። በማርቆስ 2፥26 ኢየሱስ ዳዊት የመሥዋዕቱን ኅብስት የበላው አብያታር ሊቀ ካህናት በነበረ ጊዜ እንደሆነ ይናገራል። በ1ኛ ሳሙኤል 21 ግን ኅብስቱን የሰጠው ካህን የአብያታር አባት ነው።

ቅጂውን እንመርምር፦ ሐረጉን የማይጽፉ ጥቂት የእጅ ጽሑፎች አሉ፤ ግን ገልባጭ አስቸጋሪ ነገር ያወጣል እንጂ አያስገባም፣ ስለዚህ መጀመሪያም የነበረ ይመስላል። ትርጉሙን እንመርምር፦ የግሪኩ መስተዋድድ «ስለ አብያታር በሚናገረው ክፍል» ሊሆን ይችላል፤ ማርቆስ ራሱ በ12፥26 «በቁጥቋጦው ክፍል» ለማለት ያንኑ መስተዋድድ ተጠቅሟል። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሹመት ስም ጋር ሲመጣ የተለመደው ፍቺ «በእገሌ ዘመን» ስለሆነ ጫማው ትንሽ ይጠብባል። አንባቢውን እንመርምር፦ አብያታር በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበረ፣ ኋላም ከአባቱ ይልቅ የታወቀው ሊቀ ካህናት እርሱ ሆነ፤ «አፄ ምኒልክ አንጎለላ ሲወለዱ» ስንል ሕፃኑን በኋላ ስሙ እንደምንጠራው ሊሆን ይችላል።

የቺካጎውን መግለጫ የተቀበለ ሰው ከእነዚህ አንዱን ይይዛል፣ ወይም መልሱ እስኪገኝ ይጠብቃል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሰነድ ያለ ስሕተት የሚያስተምሩት እግዚአብሔር ስለ መዳናችን እንዲጻፍ የፈለገውን እውነት ነው ትላለች፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ሰፋ አድርገው የሚያነቡ ካቶሊኮች የካህኑ ስም ከዚያ ውስጥ አይገባም ብለው ያልፋሉ፣ ጠበቅ አድርገው የሚያነቡት አይስማሙም። የጉባኤ ቤቱ መምህር ምናልባት «አንድም» ብሎ ይቀጥላል። ማቴዎስና ሉቃስ ያንኑ ታሪክ ሲጽፉ የካህኑን ስም ትተውታል።